መብራት በተመለሰ ቁጥር ሜይል ሰርቨራችን ሰው አላስገባ ይላል፤ ሊሚት ጨምሬም አልተለወጠም

ጥያቄ፦ የማታ ተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንገላታኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። እህታችሁን እርዷት።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ነው። ሜይል ሰርቨሩን የምይዘው ብቻዬን ነኝ። ማሽኑ ሊኑክስ ነው፣ ዴቢያን። ሜይል የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስ ነው። ሰዎች ሜይላቸውን የሚያነቡት ደግሞ በዶቭኮት በኩል ነው፣ ቨርዥን 2.3። ራሙ 16 ጊጋ፣ ሲፒዩው 8 ኮር። አካውንቱ ወደ 1,100 ይጠጋል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰዉ የሚጠቀመው በዌብሜይል ነበር። አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም። ከሁለት ወር በፊት ግን ሠራተኛው ሜይሉን በስልኩና በአውትሉክ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ደስ ብሎኝ ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ አስገባሁላቸው። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጠዋት 2፡30 ላይ ሰው ሲገባ፣ ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ስልኩም ኮምፒውተሩም በአንዴ ሰርቨሩን ያንኳኳል። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ስለሆነ አይጠፋም። የሚጠፉት የየፎቁ ስዊቾችና ዋይፋዮች ናቸው። እነሱ ሲነሱ ግማሹ ሰው ይገባል፣ ግማሹ አይገባም። አውትሉክ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ሰዉ ትክክለኛውን ይጽፋል፣ መልሶ ይጠይቀዋል። ከዚያ የእኔ ስልክ መጮህ ይጀምራል። ባለፈው ሰኞ የፋይናንስ ኃላፊው ራሳቸው ደረጃ ወርደው መጡ። ስልካቸውን ዘርግተው "ልጄ፣ ፓስዎርዴን ማን ቀየረብኝ?" አሉኝ። ማንም አልቀየረውም። እዚያው ፊታቸው ስሞክረው ገባ። ቢሯቸው ሳይደርሱ ደግሞ እምቢ አላቸው።

ሎጉ (ሰርቨሩ የሚሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ የሚደጋገመው መስመር ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ "ሰርቪስ ኢማፕ-ሎጊን፣ ፕሮሰስ ሊሚት (100) ሞልቷል፣ የደንበኞች ግንኙነት እየተጣለ ነው።" ኢማፕ ስልኩና አውትሉኩ ሜይል የሚያነቡበት መንገድ ነው፤ ፕሮሰስ ማለት ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው።

እስካሁን የሞከርኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ኢቲሲ ሴኩሪቲ ውስጥ ያለውን ሊሚትስ ኮንፍ ከፍቼ ኖፋይልን (አንድ ፕሮሰስ በአንዴ ሊከፍት የሚችለውን የፋይል ብዛት) 1048576 አደረግኩት። ማሽኑን ሪቡት አደረግኩ። ተርሚናሌ ላይ ዩሊሚት (ሊሚቱን የሚያሳየው ትዕዛዝ) ስል አዲሱን ቁጥር ያሳየኛል። ለውጥ ግን የለም። ቀጥዬ የዶቭኮትን ዲፎልት ፕሮሰስ ሊሚት 10,000 አልኩት። በዚያው እጄ የፖስትፊክስንም 1,000 አደረግኩ። ዶቭኮት ሲነሳ አዳዲስ ማስጠንቀቂያዎች አወጣ። አንዱ የፋይል ሊሚቱ 1024 ነው፣ ከሚያስፈልገው ያንሳል የሚል ነው። ሌላው ስለ "ኦውት" ሰርቪስ ነው። ረቡዕ ዕለት ደግሞ ኢንተርኔት ለሁለት ሰዓት ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ራም አልቆበት ስዋፕ ውስጥ ገባ፣ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ጀመረ። ኪቦርድ ስነካ ፊደሉ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ የስፓም ፊልተሩን ገደለው። ደንግጬ ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩት።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የትኛው ሊሚት ነው የያዘኝ? ስንት ላድርገው?

መልስ 1፦ ተርሚናል ሰፈር

ሊሚትስ ኮንፍ ላይ ኮከብ (ለሁሉም ዩዘር የሚለውን ምልክት) ብቻ ነው ያደረግሽው? ኮከቧ ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ ዩዘር) አትሠራም። "ሩት" ብለሽ የራሱን መስመር ጨምሪ። ሶፍቱንም ሃርዱንም 65535 አድርጊው። እኔ ሌላ ሰርቨር ላይ እንዲህ አድርጌ ተፈትቶልኛል። ካልሆነ ራም አስጨምሪ።

መልስ 2፦ የድሮ ፖስተኛ

የማታ ተረኛ፣ አይዞሽ። ይህ ነገር እኔንም ከዓመታት በፊት ከእንቅልፌ አስነስቶኛል። ቀስ ብለን እንየው።

ስለ ኮከቧ የተባለው ልክ ነው። አንቺን የያዘሽ ግን እሱ አይደለም። ሊሚትስ ኮንፍን የሚያነበው ፓም (የሎግ ኢን ማረጋገጫው ክፍል) ነው። ፓም የሚያነበው ደግሞ ሰው ሎግ ኢን ሲያደርግ ነው። ዶቭኮት እንደ አንቺ ሎግ ኢን አድርጎ አይነሳም፤ የሚያስነሳው ሲስተምዲ ነው። ሊሚት ደግሞ ከወላጅ ፕሮሰስ ወደ ልጅ የሚወረስ ነገር ነው። ተርሚናልሽ ላይ ያየሽው ቁጥር የራስሽ ነው። ዶቭኮት የሚወርሰው ከሲስተምዲ ነው፣ ያንቺን አያውቀውም።

ስለዚህ ቁጥር ከመጨመርሽ በፊት ሁልጊዜ የሚሠራውን ፕሮሰስ ራሱን ጠይቂው። ፕሮክ (ከርነሉ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ መረጃ የሚያሳይበት ፎልደር) ውስጥ ግቢ። በዶቭኮት ዋና ፕሮሰስ ቁጥር የተሰየመውን ፎልደር ክፈቺ። "ሊሚትስ" የሚባል ፋይል ታገኛለሽ። በካት አንብቢው። "ማክስ ኦፕን ፋይልስ" የሚለው መስመር ላይ ሁለት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ሶፍት ነው፣ አሁን የሚሠራበት። ሁለተኛው ሃርድ ነው፣ ሶፍቱ ከፍ ቢል ሊደርስ የሚችልበት ጣሪያ። የመጀመሪያው 1024 እንደሚልሽ እገምታለሁ። ማስጠንቀቂያውም የነገረሽ ያንኑ ነው።

ይህን የምታስተካክዪው "ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ዶቭኮት" ብለሽ ነው። በሚከፈተው ባዶ ፋይል ላይ "ሰርቪስ" የሚለውን ርዕስ ጻፊ፣ ከሥሩ ሊሚትኖፋይል=65535 በዪ። ከዚያ ሪስታርት። ሪሎድ አይበቃም፤ ቀድሞ የተነሳው ፕሮሰስ የወረሰውን ይዞ ነው የሚቀጥለው። ጨርሰሽ ያንኑ ፋይል ድጋሚ በካት እዪው። ቁጥሩ ካልተለወጠ እዚያው ቁሚ፣ ወደ ሌላ እንዳትሄጂ።

ይህ ብቻውን ግን ሰዉን አያስገባልሽም። ሎግሽ የጮኸው ስለ ፕሮሰስ ነው፣ ስለ ፋይል አይደለም።

ዶቭኮት 2.3 ሲጫን እያንዳንዱን ሎጊን ለብቻው በተለየ ፕሮሰስ ነው የሚያስተናግደው። ሰርቪስ ካውንት 1 የሚባለው እሱ ነው። ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ግንኙነቱ በቲኤልኤስ የተመሰጠረ ከሆነ ሎጊን ፕሮሰሱ ሰውየው ከገባ በኋላም አይሄድም። መሃል ቆሞ ምስጢሩን እየፈታና እያሰረ ያቀብላል። ስልኩ ቀኑን ሙሉ እንደተገናኘ ከዋለ ፕሮሰሱም ቀኑን ሙሉ አብሮት ይውላል። ዲፎልቱ ደግሞ 100 ነው። መቶ ስልክ ከገባ በኋላ መቶ አንደኛው ቦታ የለውም። ዌብሜይሉ ያላስቸገረሽ ለዚህ ነው። እሱ ገጽ ሲከፈት ገብቶ ወዲያው ይወጣል። ፋይናንስ ኃላፊው አንቺ ፊት የገቡት አንድ ሰው በዚያች ቅጽበት ስለወጣ ነው። ፓስዎርዳቸው ምንም አልሆነም። ይህን ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል፤ ሰው ፓስዎርዴ ተነካ ብሎ ሲያስብ ውስጡ ይረበሻል።

መፍትሔው 100ውን 10,000 ማድረግ አይደለም። ለኢማፕ-ሎጊን ሰርቪስ ብቻ ሰርቪስ ካውንትን 0 አድርጊው። ያኔ አንዱ ፕሮሰስ ብዙ ሰው ያስተናግዳል። ፕሮሰስ ሚን አቬይልን (ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀውን የፕሮሰስ ብዛት) በኮርሽ ልክ 8 በዪ። ፕሮሰስ ሊሚቱንም 8፣ ክላየንት ሊሚቱን (አንዱ ፕሮሰስ የሚያስተናግደውን የግንኙነት ብዛት) 1,000። ስምንት ጊዜ ሺህ ስምንት ሺህ ነው፣ ለእናንተ ከበቂ በላይ። አንድ ግንኙነት ከአንድ በላይ ፋይል ዲስክሪፕተር (ኖፋይል የሚቆጥረው የተከፈተ ፋይል ወይም ግንኙነት) ሊይዝ ስለሚችል 1024 የነበረው ሊሚት ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ እሱን ያስተካከልነው።

የሚከፈልበት ነገር አለ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ሎጊን ፕሮሰስ ለየብቻ የሆነው ለደኅንነት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ፕሮሰስ ካለፈ፣ ያ ፕሮሰስ ላይ ክፍተት የተገኘ ቀን የአንዱ ነገር ለሌላው ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ አፕዴት አታሳድሪ።

ይህን ስታልፊ ቀጥሎ የሚጠብቅሽ ግድግዳ አለ፣ አሁን ስላልደረስሽበት ነው ያላየሽው። ሰውየው ከገባ በኋላ ሜይሉን የሚያነብለት "ኢማፕ" የሚባለው ሌላ ፕሮሰስ ነው። እሱ ላይ ዲፎልቱ 1,024 ነው። አንድ ሰው ስልክና አውትሉክ ካለው ቢያንስ ሁለት ነው። ተንደርበርድ ብቻውን እስከ አምስት ግንኙነት ይከፍታል። 1,100 አካውንት ይዘሽ 1,024ን ማለፍ ቀላል ነው።

እዚህ ላይ ነው ራም የሚመጣው። አንዱ ኢማፕ ፕሮሰስ ስንት እንደሚበላ ለኪ። አርኤስኤስ በሚለው አትለኪ፤ ሁሉም የሚጋሩትን ላይብረሪ በየፕሮሰሱ ደጋግሞ ይቆጥርብሻል። ፒኤስኤስ የሚለውን ያዢ፤ እሱ የጋራውን ለሁሉም አካፍሎ ነው የሚቆጥረው። ፕሮክ ውስጥ ስማፕስ ሮልአፕ የሚባለው ፋይል ላይ አለ። ለምሳሌ 3 ሜጋ ቢሆን ሁለት ሺህ ሲባዛ 6 ጊጋ ነው። ከ16 ጊጋሽ ላይ የስፓም ፊልተሩን፣ የከርነሉን ካሽ፣ የፖስትፊክስን ቀንሺ። የሚተርፈውን ለአንዱ ፕሮሰስ አካፍዪው። የሚመጣው ቁጥር ነው ሊሚትሽ። ሊሚት ማለት ማሽኑ ሳይወድቅ "ይበቃኛል" የሚልበት ቦታ ነው። 10,000 ስትዪው ይበቃኛል የማለት መብቱን ወሰድሽበት።

"ኦውት" ላይ የወጣው ማስጠንቀቂያም ከዚሁ የመጣ ነው። ሎጊን ፕሮሰሶቹ ፓስዎርድ ለማረጋገጥ ሁሉም ወደ እሱ ይሄዳሉ። 10,000 ሎጊን ይኖራል ስትዪው ኦውትም ለ10,000 መዘጋጀት አለበት። ሎጊኑ 8 ሲሆን ማስጠንቀቂያው ራሱ ይጠፋል።

አሁን ወደ ረቡዕ። እኔ የምጠረጥረው ፖስትፊክስን ነው። የእሱም ዲፎልት 100 ነው። ግን ዲፎልት ፕሮሰስ ሊሚት የሚለውን ስትነኪ የነካሽው መቀበያውን ብቻ አይደለም፤ ማስተር ሲኤፍ (የፖስትፊክስ ሰርቪሶች የተዘረዘሩበት ፋይል) ላይ የራሱ ቁጥር ያልተጻፈለትን ሰርቪስ ሁሉ ነው። ኢንተርኔት ሁለት ሰዓት ሲጠፋ ውጭ ያሉ ሰርቨሮች ሜይላችሁን ሰልፍ ላይ ይዘው ይቆያሉ። ሲመለስ በአንዴ ያፈሱታል። የተቀበልሽው ሁሉ ስፓም ፊልተሩ በር ላይ ይቆለላል። ከባዱን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፣ ራሙንም የሚበላው እሱ ነው። ከርነሉ እሱን መርጦ መግደሉ ለዚህ ይመስለኛል።

ማስተር ሲኤፍ ላይ ፖርት 25ን የሚጠብቀውን የኤስኤምቲፒ መስመር ብቻ ፈልጊ። ማክስፕሮክ የሚለው ዓምድ ላይ 150 ጻፊ። ሌላውን አትንኪ። በየመሃሉ 150ው ቢሞላ አትደንግጪ። ፖስትፊክስ ከ2.5 ጀምሮ ሲጨናነቅ ያውቃል። ዝም ብሎ የቆመን ደንበኛ በደህና ቀን 300 ሰከንድ ይታገሠዋል። ሲጨናነቅ 10 ሰከንድ ብቻ ሰጥቶ ያሰናብተዋል። ያልገባለት ላኪም ሜይሉን አይጥለውም፣ ቆይቶ ይሞክራል። ከውጭ የሚመጣ ሜይል አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። በሩ ላይ የሚርመሰመሱት ስፓመኞች ከሆኑ ፖስትስክሪንን አስቢበት፤ ብዙ ግንኙነት በአንድ ፕሮሰስ ይዞ እውነተኛውን ብቻ ያሳልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ እዪልኝ። ሎጉ ውስጥ "ኢኖቲፋይ" የሚል ቃል ፈልጊ። ሜይል ፎልደር ላይ አዲስ ነገር ሲገባ ከርነሉ ለዶቭኮት የሚጠቁምበት መንገድ ነው። ሊሚቱ የሚቆጠረው በዩዘር ነው። የእናንተ አካውንቶች ሁሉ በሲስተሙ ላይ በአንድ "ቪሜይል" ዩዘር ሥር ከሆኑ 1,100 ሰው ለከርነሉ አንድ ሰው ነው። ዲፎልቱ 128 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጥቆማ አይደርሰውም። ዶቭኮት በየ30 ሰከንዱ ራሱ እየሄደ ያያል። ሜይሉ ይመጣል፣ ግን ይዘገያል፣ ዲስኩም በከንቱ ይለፋል። ሲስሲቲኤል (የከርነሉ ቅንብር) ላይ ማክስ ዩዘር ኢንስታንስስን 4096 ብትዪው ይበቃል።

በመጨረሻ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ዶቭኮት በዪና "ታስክስ" የሚለውን መስመር እዪ። አሁን ስንት ፕሮሰስ እንዳለ፣ በቅንፍ ደግሞ ሲስተምዲ የፈቀደውን ጣሪያ ያሳይሻል። አንድ ቀን ይዘሽ የሁለቱን ርቀት ተከታተዪ።

አንድ አንድ እያልሽ ለውጪ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከለወጥሽ የቱ እንዳዳነሽ አታውቂም።

መልስ 3፦ ዲስክ ጠባቂ

የድሮ ፖስተኛ ሁሉን ብሎታል። እኔ አንድ ብቻ ልጨምር። ሜይሉ የሚቀመጠው በሜይልዲር ከሆነ እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ፋይል ነው። ኢኤክስቲ4 በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ የኢኖድ (እያንዳንዱ ፋይል የሚወስደው መመዝገቢያ) ብዛት የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው። እኛ ጋ አንድ ቀን ሰርቨሩ "ቦታ የለም" እያለ ሜይል አልቀበልም አለ። ዲስኩን ስናየው ገና ግማሹ ባዶ ነው። ግማሽ ቀን ፈለግን። ያለቀው ኢኖድ ነበር። ዲኤፍን ከዳሽ አይ ጋር አድርገሽ እዪው። ማለቁን ሲያልቅ ሳይሆን አሁን ብታውቂው ይሻላል።

የማታ ተረኛ

ጋሼ የድሮ ፖስተኛ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዳላችሁኝ አንድ አንዱን ሄድኩበት፣ አሥር ቀን ፈጀብኝ።

የዶቭኮት ሊሚትስ ፋይል ላይ እውነትም 1024 ነበር። ሪቡት ያደረግኩት ሁሉ በከንቱ ነበር። አሁን 65535 ይላል። ሎጊኑን እንዳሉኝ 8 ፕሮሰስ አደረግኩ። በማግስቱ ጠዋት 100 ሞልቷል የሚለው መስመር ጠፋ። ሐሙስ ዕለት ግን ያሉት ሁለተኛው ግድግዳ መጣ። "ሰርቪስ ኢማፕ፣ ፕሮሰስ ሊሚት 1024" ይላል። ቀድሞ ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም። ፒኤስኤሱን በሃያ ፕሮሰስ ላይ ለካሁ። አብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሜጋ ነው። ሊሚቱን 2,000 አድርጌው ራም ተረፈኝ።

ኢኖቲፋዩም ነበረ! ሎጉን ስፈልግ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ አገኘሁ። አካውንቱ ሁሉ በአንድ ዩዘር ሥር ነው። ሰዉ "ሜይል ስልኬ ላይ ቶሎ አይታየኝም" ሲለኝ በኔትወርኩ ነበር የማመካኘው። 4096 ካልኩት ወዲህ ማስጠንቀቂያው ቆመ።

ኢኖዱ 31 በመቶ ላይ ነው። በየሳምንቱ እንዲላክልኝ አድርጌዋለሁ።

ትናንት ከጠዋቱ 4፡10 ላይ መብራት ሄደ። 4፡50 ላይ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሎግ ከፍቼ ቆሜ አየሁ። ግንኙነቱ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከ40 ወደ 1,280 ወጣ። የተጣለ የለም። ስልኬም አልጮኸም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የፋይናንስ ኃላፊው ኢንቦክሳቸው ላይ ብቻ አሁንም ይቆረጥባቸዋል። ሌላው ፎልደር ይከፈታል። ሎጉ "አውት ኦፍ ሜሞሪ፣ ሰርቪስ ኢማፕ፣ ቪኤስዜድ ሊሚት 256 ሜጋ" ይላል። ራሙ ግን ግማሹ ነፃ ነው። ኢንቦክሳቸው ውስጥ የስንት ዓመት ሜይል አለ፣ አንድም አጥፍተው አያውቁም።

የድሮ ፖስተኛ

ጎሽ የእኔ እህት። ሃያ ፕሮሰስ ላይ መለካትሽን ወድጄዋለሁ።

የኃላፊው ጉዳይ ከራም ጋር አይገናኝም። ቪኤስዜድ ሊሚት አንድ ፕሮሰስ ሊይዝ የሚችለውን የአድራሻ ስፋት ነው የሚገድበው። ዶቭኮት የኢንቦክሱን ኢንዴክስና ካሽ ፋይል (ሜይሉን ቶሎ ለማግኘት የሚይዘውን ማውጫ) ወደ ሜሞሪ ሲዘረጋው ፋይሉ ሙሉ ስፋቱ ይቆጠራል። ፎልደራቸው ውስጥ "ዶቭኮት ኢንዴክስ ካሽ" የሚለውን ፋይል መጠን እዪ። ትልቅ ሆኖ እንደምታገኚው አምናለሁ።

ለኢማፕ ሰርቪስ ብቻ ቪኤስዜድ ሊሚትን 1 ጊጋ አድርጊው። ሌሎቹ ሰርቪሶች በ256 ይቆዩ። ይህ ለሁሉም ሰው 1 ጊጋ ራም መስጠት አይደለም፤ የለካሽው 2 እና 4 ሜጋ እንዳለ ነው የሚቆየው። የካሽ ፋይሉን ማንሳትም ትችያለሽ፣ ዶቭኮት ከሜይሎቹ አንብቦ እንደገና ይሠራዋል። ሌላውን የኢንዴክስ ፋይል ግን አትንኪ። ካሹን ስታነሺ ስልካቸውም አውትሉካቸውም ዝግ ይሁን። ሜይላቸው ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ሲከፍቱት ይዘገያል፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ብታደርጊው ጥሩ ነው።

የማታ ተረኛ

ካሹ 240 ሜጋ ነበር። 6፡30 ላይ አነሳሁት። ሰባት ሰዓት ላይ ኢንቦክሳቸውን ከፈቱ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መጣ። ስለ ፓስዎርዳቸውም ነገርኳቸው።